ቫይረስ የሚገባው ቁልፉ በገጠመለት በር ብቻ ነው



ዛሬ የምጽፍላችሁ ቫይረስ ወደ ሰውነታችን እንዴት እንደሚገባና ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ ነው። «እሱ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን» እንዳትሉኝ። እኔም እንደዛ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የአንዲት ጓደኛችን ኩባያ ነው።

ዓርብ ዓርብ እረፍት ያለን አምስት ልጆች ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። ከመካከላችን አንዷ አሠሪ ልትቀይር ሜዲካል ስትመረመር «ደምሽ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ» ተባለች። ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጣችና ነገረችን። እኛ ምን አደረግን መሰላችሁ? አንዷ ሳህኗን በፈላ ውሃ ደጋግማ አጠበች። ሌላዋ «ከወንድ ነው የሚመጣው» ብላ በሹክሹክታ አወራች። እኔ ደግሞ ኩባያዋን አንስቼ ለብቻው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ወደ አገር ቤት ተመለሰች።

ከዛ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ። የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ባዮሎጂ ላይ ሴል ሲሳል ትዝ ይለኛል። ከስልኬ እያነበብኩ፣ የማውቃትን አንዲት የአገራችን ነርስ እየጠየቅኩ ነገሩን ተከታተልኩት። ሲገባኝ አፈርኩ። ያ ኩባያ ለቫይረሱ በር አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ልንገራችሁ።

ቫይረስ ምንድን ነው?

ሰውነታችን የተሠራው ሴል ወይም ሕዋስ ከሚባሉ በጣም ትናንሽ ነገሮች ነው። አንዱን ሴል እንደ ቤት አስቡት። ዙሪያውን ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ ብዙ ዓይነት በሮች አሉ፤ ውስጡ ወጥ ቤት አለ። መሐል ላይ ኒውክለስ የሚባል ክፍል አለ፤ እዛ ሴሉ ምን ምን መሥራት እንዳለበት የሚናገረው መመሪያ፣ ዲኤንኤ፣ ተቀምጧል። ወጥ ቤቱ የሚሠራው ከዛ ክፍል በሚወጣ ትእዛዝ ነው።

ቫይረስ ግን ቤት አይደለም። ወጥ ቤት የለውም፣ አይበላም፣ ብቻውን አይባዛም። ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ትእዛዝ የተጻፈበት መመሪያ ነው፤ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ይባላል። ሁለተኛው መመሪያው የተጠቀለለበት የፕሮቲን ሽፋን ነው። አንዳንዱ ከዛ በላይ የቅባት ካፖርት ይደርባል። በቃ። መጠኑም ለዓይን የሚታይ አይደለም፤ ኮሮና ቫይረስን ጎን ለጎን ብናሰልፈው አንድ ሚሊ ሜትር ላይ 10,000 ያህል ይሰለፋል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከዛም ያንሳል።

ስለዚህ ቫይረስ እንዲባዛ የግድ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ መግባት አለበት። ጥያቄው በየትኛው በር የሚለው ነው።

በርና ቁልፍ

ቫይረስ በር አይሰብርም። ላዩ ላይ እንደ ቁልፍ ያለ ነገር ይዞ ይዞራል። ሴላችን ላይ ያሉት በሮች ደግሞ ለራሳችን ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ ምግብ ለማስገባት፣ መልእክት ለመቀበል። የቫይረሱ ቁልፍ ከአንዱ በር ጋር በአጋጣሚ ከገጠመ ይጣበቃል፣ ሴሉም የራሱ ዕቃ መስሎት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ካልገጠመ ግን አጠገቡ ቢውል ቢያድር አይገባም።

ሁላችሁም የምታውቁትን ምሳሌ ልስጣችሁ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው «ሲዲ ፎርህ ስንት ነው?» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ሲዲ ፎር የበር ስም ነው። በአንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ኤችአይቪ የሚገባው በሱ ነው። በሩ ያለባቸው ሴሎች እየተጎዱ ሲያልቁ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐኪሙ የሚቆጥረው እነሱን ነው።

ኮሮና ደግሞ ላዩ ላይ ያሉት እሾሆች የሚገጥሙት ኤሲኢ2 ለሚባል በር ነው። ይሄ በር አፍንጫችን፣ ጉሮሯችንና ሳንባችን ውስጥ አለ። ለዛ ነው በትንፋሽ የሚተላለፈው፣ ለዛ ነው አፍና አፍንጫችንን የሸፈንነው።

እዚሁ አረብ አገር የታወቀ ሌላም አለ፤ መርስ ይባላል። በ2012 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ከግመል ወደ ሰው ይመጣል። የሱ በር ዲፒፒ4 ይባላል። በግመል ላይ ይሄ በር አፍንጫው ውስጥ በብዛት አለ፤ በሰው ላይ ግን የሚበዛው ወደ ታች፣ ሳንባ ጥልቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ግመሉ እንደ ቀላል ጉንፋን ሲያልፈው ሰውን ግን ሳንባው ድረስ ገብቶ ክፉኛ ያመዋል፤ ከሰው ወደ ሰው ደግሞ እንደ ኮሮና በቀላሉ አይሄድም። እርሻ ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ያልፈላ የግመል ወተት አትጠጡ፤ ግመል ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበት ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። በአገራችን «የወፍ በሽታ» የምንለው የዓይን ቢጫ መሆን ብዙ መነሻ አለው፤ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ልጅ ሆኜ የሌሊት ወፍ ስለሸናበት ነው ሲባል እሰማ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው።

ይሄ ቫይረስ ደም ውስጥ ከገባ በመላ ሰውነት ይዞራል፤ የሚገባው ግን ጉበት ሴል ውስጥ ነው። የጉበት ሴል የሐሞት ጨው ከደም የሚቀበልበት በር አለው፤ ኤንቲሲፒ ይባላል። የሄፓታይተስ ቢ ቁልፍ የሚገጥመው ለሱ ነው። ቫይረሱ ከታወቀ ወደ 50 ዓመት ገደማ ሲሆነው በሩ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2012 ቤጂንግ ያሉ ተመራማሪዎች አገኙት።

ደረጃ በደረጃ እንዲህ ነው፦

1. ቫይረሱ መጀመሪያ የጉበት ሴሉ ላይ ላላ ብሎ ይለጠፋል፣ ቀጥሎ ኤንቲሲፒ ላይ አጥብቆ ይይዛል።
2. ሴሉ ራሱ ይውጠዋል። ካፖርቱ ይወልቃል።
3. የውስጡ መጠቅለያ ወደ ኒውክለስ ይሄዳል፣ መመሪያውም እዛ ይገባል።
4. የቫይረሱ መመሪያ ሲገባ ያልተሟላ ነው። የሚገርመው፣ የራሳችን ሴል የተበላሸ የራሱ ዕቃ መስሎት ይጠግነዋል፤ ክብ አድርጎ ይዘጋዋል። ያ ክብ ኒውክለስ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል።
5. ሴሉ ከዛ ክብ ትእዛዝ እያነበበ የቫይረስ ዕቃ መሥራት ይጀምራል። ማዳም የጻፈችው መስሏት ፍሪጅ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አንብባ፣ ለማታውቀው እንግዳ ሙሉ ቀን የምታበስል ልጅን አስቡ። እንደዛ ነው።
6. አዲሶቹ ቫይረሶች ሴሉን ሳይሰብሩ ወጥተው ወደ ሌላው ሴል ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴሉ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ባዶ ካፖርት ይሠራል፤ ውስጡ ቫይረስ የሌለበት ካፖርት ብቻ ደም ውስጥ ይንሳፈፋል። ሜዲካል ላይ የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚይዘው ያን ካፖርት ነው። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» ሲባል ቫይረሱ አለ ማለት ነው እንጂ ጉበትሽ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ጉበቱ እንዴት እንዳለ የሚታወቀው በሌላ ምርመራ ነው።

ታዲያ ሳትታመም እንዴት ኖረች?

ጓደኛችን ደጋግማ «እኔ ታምሜ አላውቅም፣ ከወንድ ጋርም ተኝቼ አላውቅም» ትል ነበር። ማናችንም አላመንናትም። እውነቷን እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቫይረሱ ራሱ የጉበት ሴልን ብዙም አይገድልም። የሚገድሉት የራሳችን የሰውነት ወታደሮች ናቸው፤ ቫይረስ የገባበትን ሴል ሲያዩ ይመቱታል። ትልቅ ሰው ሲይዘው ወታደሮቹ በርትተው ይዋጋሉ፤ ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ሊያመው ይችላል፤ ግን አብዛኛው ያሸንፈዋል። በትልቅነት ከተያዙት ቫይረሱ ለሁልጊዜ የሚቀርባቸው ከመቶ 5 አይሞሉም። ሕፃን ሲይዘው ግን ወታደሮቹ ገና ጠላት አይለዩም፣ ዝም ይሉታል። በሕፃንነታቸው ከተያዙት ከመቶ 90 ወይም ከዛ በላይ ለሚሆኑት ቫይረሱ አብሯቸው ይኖራል። 20 ወይም 30 ዓመት ምንም ምልክት ላይኖር ይችላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ጉበቱ እየጠባሰ ወደ ሲሮሲስ ወይም ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን ካለብን፣ የያዘን ስንወለድ ከእናታችን ወይም በልጅነታችን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኔና እናንተ፣ ከዛ በፊት የተወለድን፣ በልጅነታችን አላገኘነውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖር ነበር። ሁሉም ባለጌ ሆኖ ነው? እፍረቱን የጨመርነው እኛው ነን።

ኩባያው ለምን በር አልሆነም?

ቫይረሱ ጉበት ለመድረስ ደም ውስጥ መግባት አለበት። የእጃችን ቆዳ የላይኛው ክፍል የሞቱ ሴሎች ድርብርብ ነው፤ የሞተ ሴል ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ ቫይረስ አያበስልም። ስለዚህ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ፣ አብሮ መብላት፣ አንድ ኩባያ መጠጣት፣ ሽንት ቤት መጋራት ሄፓታይተስ ቢን አያስተላልፍም። በምግብና በውሃ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ ናቸው፤ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ቫይረሶች ናቸው።

ለሄፓታይተስ ቢ እውነተኛ በሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ያለ ኮንዶም የሚደረግ ግንኙነት፣ ደም የነካው መርፌ፣ ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጆሮ መብሻ፣ ንቅሳት፣ ያልተመረመረ ደም። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ የደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን መቆየት ይችላል። ስለዚህ ኩባያ ከመለየት ይልቅ ምላጭ መለየት ነበረብን። እኛ ግን አንድ ምላጭ ለአምስት እንጠቀም ነበር! ኩባያዋን ለይቼ ምላጯን ተውኩት።

ሥራ ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጉ

- ስኳር ያለባቸው አሮጊት ወይም ሽማግሌ የምትንከባከቡ፣ የተወጉበትን የኢንሱሊን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። እጃችሁን የምትወጉት ያኔ ነው። እንዳለ ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፣ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ።
- መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ። አትጭመቁት፣ በአፋችሁ አትምጠጡት። በዛው ቀን ለአሠሪ ተናግራችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለሄፓታይተስ ቢ የሚሰጠው መከላከያ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ደግሞ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። «ማዳም ትቆጣለች» ብላችሁ አትደብቁ።
- መታጠቢያ ቤት ስታጸዱ የወደቀ ምላጭ በጓንት አንሱ። ደም ከፈሰሰ ጓንት አድርጋችሁ በወረቀት አንሱት፣ ቀጥሎ ቦታውን በውሃ በቀጠነ ክሎሮክስ ጥረጉ። ክሎሮክስን ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።
- እጃችሁ በማጽጃ ብዛት ተሰነጣጥቆ ከሆነ ሸፍኑት። የተሰነጠቀ ቆዳ የተከፈተ በር ነው።
- ለጉንፋንና ለኮሮና ሳሙና ትልቅ ነገር ነው። ኮሮና የቅባት ካፖርት የለበሰ ነው፤ ሳሙና የድስት ቅባት እንደሚያነሳው ካፖርቱን ይበታትነዋል። ካፖርቱ ከሄደ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። ልጆችን የሚያስቀምጠውና የሚያስመልሰው ኖሮ የሚባለው ቫይረስ ግን የቅባት ካፖርት የለውም፤ ስለዚህ የእጅ አልኮል ብዙም አይሠራበትም። የታመመ ልጅ ዳይፐር ከቀየራችሁ በሳሙናና በውሃ በደንብ መታጠብ ነው።
- ለጉንፋን አሞክሳሲሊን አትዋጡ፣ ከሻንጣችሁም አውጥታችሁ ለጓደኛ አትስጡ። እነዚህ መድኃኒቶች የሚመቱት ባክቴሪያን ነው። ባክቴሪያ የራሱ ቤትና ወጥ ቤት አለው፤ መድኃኒቱ እሱን ያፈርሳል። ቫይረስ የራሱ ቤት ስለሌለው ምን ያፈርሳል?

ክትባትና መድኃኒት

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውስጥ ቫይረስ የለም፤ ካፖርቱ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም በእርሾ ሴል የሚሠራ። ሰውነታችን ካፖርቱን አይቶ ይለማመዳል። እውነተኛው ሲመጣ ቁልፉ ላይ ይለጠፍበታል፣ በሩ አይከፈትለትም። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። አስቀድሞ የተያዘን ሰው ግን አያድንም፤ ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር፣ ነፃ ከሆኑ መከተብ። አገር ቤት ያላችሁ፣ ለጉዞ የምትዘጋጁ፣ ለኤጀንሲ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ተመርመሩ። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሠራተኛ የሚጠይቁት ምርመራ ሄፓታይተስ ቢን ይጨምራል፤ ብር ከወጣ በኋላ ከማወቅ በፊት ማወቅ ይሻላል። እርጉዝ የሆነችም ትመርመር፤ ቫይረሱ ካለባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ካገኘ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ጡት ማጥባትም ትችላለች።

መድኃኒትም አለ። ቴኖፎቪር የሚባለው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ ቫይረሱ መመሪያውን እንዳይገለብጥ ያግደዋል። ኒውክለስ ውስጥ የተቀመጠውን ክብ ግን አያጠፋም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለረጅም ዓመት ይወሰዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፣ ቫይረሱ እንደገና ይነሳና ጉበቱ ሊቆጣ ይችላል። የምትወስዱ ካላችሁ አገር ስትቀይሩ መድኃኒታችሁን በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙ። ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ግን መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ክትትል ብቻ የሚበቃው ብዙ ነው። አረቄና ሌላ መጠጥ፣ ምንነቱ ያልታወቀ የሥር መድኃኒት፣ ከታዘዘው በላይ ፓናዶል ጉበት ይጎዳል፣ ተጠንቀቁ።

ሜዲካል ላይ ከተገኘባችሁ

የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ጠይቁ፣ ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሱት። አገር ቤት ሐኪም ጋ ስትቀርቡ ይጠቅማችኋል። ወደ አገር ትመለሻለሽ ከተባላችሁ የሠራችሁበትን ደመወዝ ሳትቀበሉ ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ በሽታ መገኘቱ የሠራችሁትን አያስቀርም። አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፣ የጉበት ምርመራ አድርጉ። እናታችሁን፣ እህት ወንድሞቻችሁንም አስመርምሩ።

እኔ ተመረመርኩ፣ ነፃ ነኝ። ሁለቱን ክትባት ወስጃለሁ፣ ሦስተኛው ይቀረኛል። ጓደኛዬ አሁን ወሎ እናቷ ጋ ናት። በየስድስት ወሩ ምርመራ ታደርጋለች፤ ጉበቷ ደህና ስለሆነ ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግሽም ተብላለች። ባለፈው ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ብዙ ዝም አለችና «ኩባያው አሁንም አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «እንግዲያው ጠጪበት» አለችኝ።

እየጠጣሁበት ነው። እናንተም አጠገባችሁ እንደሷ ያለች እህት ካለች ኩባያዋን አትለዩ። ምላጭ ግን ለየብቻ ይሁን።